ሌብሉን የት እናትም? በአሜሪካ ፖስታ ለሚልክ ትንሽ ነጋዴ የንጽጽር መመሪያ

አንድ ኪሎ በርበሬ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ መላክ ምንም አይከብድም። ሳጥን፣ ፕላስተር፣ አድራሻ። አለቀ። የሚከብደው ሌብሉን፣ ሳጥኑ ላይ የሚለጠፈውን የአድራሻና የክፍያ ወረቀት፣ ከየት እንግዛ የሚለው ነው። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተሰልፎ መክፈል አለ። ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር ማተም አለ። በኮምፒውተርም ከሆነ ፖስታ ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ አለው፣ በየወሩ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚያሳትሙም አሉ።

አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው የሌብሉን ዋጋ ብቻ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ነጠላና ቡና እየላክሁ በጀመርኩበት ሰሞን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ በግራም እመዝንና በጭንቅላቴ ወደ ፓውንድ እለውጥ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከካርዴ ላይ 14 ዶላር ተነሳ። በማግሥቱ ሌላ 6 ዶላር። ካርዴ ተሰረቀ ብዬ ባንክ ደወልኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ሰማሁ። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ሌባ የለም። የላክኋቸው ሳጥኖች ሌብሉ ላይ ከጻፍኩት በላይ ይመዝኑ ነበር፣ ፖስታ ቤቱ ደግሞ ልዩነቱን አስልቶ ወሰደ።

ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በአንድ ጥያቄ ነው። ሚዛኑን የያዘው ማነው? ስህተት ሲገኝስ ሂሳቡ ለማን፣ መቼ፣ በምን መንገድ ይመጣል? (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎዶሎው እንዴት ይያዛል

በድሮው መንገድ ቴምብር ለጥፈን ሂሳቡ ቢጎድል ጥቅሉ ወይ ወደኛ ይመለሳል፣ ወይ ተቀባዩ በሩ ላይ ቀሪውን ይጠየቃል። ለክርስትና ልጃችሁ የልደት ስጦታ ልካችሁ እናቱ ሦስት ዶላር ክፈይ ስትባል አስቡት። ስጦታው ቀርቶ ወሬው ነው የሚቀረው።

በኮምፒውተር የሚታተመው ክፍያ፣ እዚያ ፒሲ ፖስቴጅ የሚሉት፣ የመጣው በ1999 ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለሁለት ድርጅቶች፣ ለኢ-ስታምፕና ለስታምፕስ ዶት ኮም፣ በመላ አገሪቱ እንዲሸጡ ፈቀደ። በቴምብር ፈንታ ባርኮድ ይታተማል። ባርኮዱ ስንት እንደተከፈለ፣ መቼ እንደታተመና ከየትኛው አካውንት እንደወጣ ይናገራል። አሪፍ ነገር ነው። አንድ ቀዳዳ ግን ነበረው። ክብደቱን የሚናገረው ላኪው ራሱ ነው። ሁለት ፓውንድ ነው ካልን ሁለት ፓውንድ ይከፈላል። ሣጥኑ ውስጥ አምስት ፓውንድ ቢኖር ማን ያያል?

አሁን ማሽን ያያል። ከ2017 ጀምሮ የጥቅል መለያ ማሽኖቹ እያንዳንዱን ሳጥን በሚያልፍበት ቅጽበት ይመዝናሉ፣ ይለካሉ፣ ባርኮዱን ያነባሉ። የተከፈለውና የተለካው ካልገጠመ ልዩነቱ ሌብሉን ወደሸጠው ድርጅት ይሄዳል። ድርጅቱ ከእኛ አካውንት ላይ ይቀንሳል። ጥቅሉ ግን አይቆምም፣ ተቀባዩም አይጠየቅም። ይኼ በእውነት ከድሮው ይሻላል።

ድርጅቶቹ ይህን የሚያደርጉት ወደው አይደለም። ለእነሱ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራል ደንብ፣ 39ኛው ርዕስ ክፍል 501፣ ጎዶሎ ሂሳብ ሲገኝ ከደንበኛው እንዲሰበስቡ ግዴታ ይጥልባቸዋል። ስለዚህ የደንበኞች አገልግሎት ደውሎ መጮህ ብዙ አያዋጣም። ስልኩን ያነሳው ሰው የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። ሊያደርግ የሚችለው አቤቱታችንን ለፖስታ ቤቱ ማስተላለፍ ነው።

ማሽኑ የሚያየው ክብደትን ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። መጠንንም ያያል። የሳጥኑን ዓይነትም ያያል። ፖስታ ቤቱ በነጻ የሚሰጠውን የፕራዮሪቲ (የፈጣኑ አገልግሎት) ሳጥን ወስደን በርካሹ አገልግሎት፣ በግራውንድ አድቫንቴጅ፣ ብንልክበት ይያዛል። ሳጥኑን ገልብጦ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ማድረግ ብልጠት የሚመስላቸው አሉ። ሳጥኑ ቢገለበጥም የፖስታ ቤቱ ንብረት ነው።

የት እንደተላከም ያያል። ሌብሉ ላይ የላኪው ዚፕ ኮድ 20910 (ሲልቨር ስፕሪንግ) ብሎ ጥቅሉ ግን ሂውስተን ውስጥ ከገባ ርቀቱ ተቀይሯል፣ ዋጋውም እንዲሁ። ዘመድ ጥየቃ ሄዶ እዚያው ዕቃ የሚልክ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አድራሻውን መቀየር ትዝ አይለውም። በመጨረሻም አንድ ሌብል ሁለት ጊዜ አገልግሎ እንደሆነ ያያል። ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲያኝክ ደግመን እናትምና ሁለቱ ቅጂዎች ይተርፉናል። ሁለተኛውን ቀደድ አድርጎ መጣል ነው። ባለማወቅ ሌላ ሳጥን ላይ የለጠፈችው ወዳጄ ሙሉ ሂሳብ እንደገና ከፍላለች።

አንድ የማይወራ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ለሁለቱም ወገን ይሠራል። አብልጠን ከከፈልን ትርፉ ተመልሶ ይመጣል። ለእኔ በዓመት አንድ ሁለቴ ይመጣልኛል። ጥቂት ሳንቲም ናት፣ ደስታዋ ግን ከሳንቲሟ ይበልጣል።

መስኮቱ፦ ሠራተኛዋ ትመዝናለች

ሠራተኛዋ ሳጥኑን ሚዛን ላይ ታስቀምጣለች፣ ትለካለች፣ ዋጋ ትናገራለች። ከፍለን ደረሰኝ ይዘን እንወጣለን። ከዚያ በኋላ የሚከተለን ሂሳብ የለም። ጥሬ ገንዘብም ይቀበላሉ። ሰፈሬ ያሉ አንዲት እናት እንጀራና በርበሬ ለልጆቻቸው ይልካሉ። ቤት ውስጥ ላትምልዎት ስላቸው፣ “ልጄ፣ እኔ ከኮምፒውተር ጋር ክርክር አልችልም። እሷ ትመዝን፣ እኔ ልክፈል” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንዱ ሰልፍ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት የሞከረ ያውቀዋል። ሌላው ዋጋ ነው። መስኮት ላይ የሚከፈለው የችርቻሮ ዋጋ ነው። በኮምፒውተር የሚታተመው የንግድ ዋጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ይቀንሳል። ቅናሹ እንደ ክብደቱና እንደ ርቀቱ ይለያያል። በወር ሁለት ሦስት ሳጥን ለሚልክ ልዩነቱ የማኪያቶ ዋጋ ነው። በሳምንት ሃያ ለሚልክ ግን ኪራይ ያግዛል።

በብዙ ፖስታ ቤቶች መግቢያ ላይ ራስን ማስተናገጃ ማሽን አለ። እሱም ራሱ ይመዝናል። ካርድ ያላችሁ ሰልፉን ማለፍ ትችላላችሁ።

ቤት ያለንን ቴምብር ደራርቦ መለጠፍስ? ለደብዳቤ ይሁን። ለጥቅል ግን ከጥቅምት 2019 ጀምሮ ቴምብር ብቻ የተለጠፈበትና ከ10 አውንስ በላይ የሚመዝን ወይም ከግማሽ ኢንች የሚወፍር ነገር መንገድ ላይ ያለው ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን ውስጥ መጣል አይቻልም። መስኮት ድረስ ወስደን በእጅ መስጠት አለብን። ለአውሮፕላን ደኅንነት ነው ይላሉ። በኮምፒውተር የታተመ ሌብል ግን ላኪው ስለሚታወቅ ይህ አይመለከተውም፤ ፖስተኛው ከቤታችን በር ላይ ይወስደዋል።

የፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ

ክሊክ ኤን ሺፕ ይባላል። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። አካውንት ከፍተን፣ አድራሻና ክብደት አስገብተን፣ በካርድ ከፍለን እናትማለን። የፖስተኛ ጥሪም በነጻ ነው። ፕሪንተር የሌለው ሰው ኮዱን በስልኩ ይዞ ሄዶ ፖስታ ቤት ማሳተም ይችላል።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቴ ዋጋው አይደለም። አንድ ነገር ሲበላሽ መሃል ላይ ሌላ ድርጅት ስለሌለ ነው። ካርዱን የያዘው፣ ጥቅሉን የያዘውና ቅሬታውን የሚሰማው አንድ ቤት ነው። ፈጣን ነው አላልኩም። ቢያንስ አንዱ ወደ ሌላው አይገፋንም።

ጉድለቱ ደብዳቤ አያሳትምም። ለጥቅል ብቻ ነው። ብዙ ትእዛዝ በአንዴ ለሚያወጣ ሰው ደግሞ ዝግ ይላል። እዚህ ግን ሚዛኑ በእናንተ እጅ መሆኑን አትርሱ። ልዩነት ከተገኘ ካርዳችሁ ላይ ይመጣል።

ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚያሳትሙት

ከነዚህ ውስጥ በነጋዴው ዘንድ የታወቀው ፓይሬት ሺፕ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የለም፣ በሌብሉ ላይ የሚጨመር ትርፍም የለም። ገቢው ከደንበኛው ሳይሆን ዕቃውን ከሚያጓጉዘው ድርጅት በኩል ነው። ለትንሽ ነጋዴ እዚህ ያለው ትልቁ ጥቅም በስፋት፣ ማለትም በሳጥኑ ይዘት (ርዝመት በወርድ በቁመት)፣ የሚሰላ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ዕቃ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል።

በተለመደው መንገድ ዋጋ የሚወጣው በክብደትና በርቀት ነው። በስፋት ሲሰላ ግን እስከ 20 ፓውንድ ድረስ ክብደቱ አይታይም። የሚታየው የሳጥኑ ስፋት ነው። ቡና፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ ሁሉም ትንሽ ቦታ ይዘው ብዙ ይመዝናሉ። 10 በ8 በ6 ኢንች የሆነ ሳጥን 480 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ለ1728 ሲካፈል 0.278 ኪዩቢክ ፊት ይሆናል። ስለዚህ 0.3 የሚለው የዋጋ እርከን ላይ ይወድቃል። በዚህ ሳጥን 4 ኪሎ ጥሬ ቡና ይገባል። በክብደት ብንከፍል ወደ 9 ፓውንድ ነበር።

ታዲያ ጉዱ እዚህ ነው። ሳጥኑን ከልክ በላይ ጠቅጥቀን ክዳኑ በአንድ ኢንች ቢያብጥስ? 10 በ8 በ7 ሲሆን 560 ኪዩቢክ ኢንች ነው። 0.324። እርከኑ 0.4 ሆነ። እኛ 0.3 ከፍለናል። ማሽኑ ያበጠውን ይለካል እንጂ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አያነብም። በክብደት ሲከፈል የምትምረን ትንሽ እብጠት በስፋት ሲከፈል ታስከፍላለች። ስለዚህ ይህን የሚመርጥ ሰው ሳጥኑን ከዘጋ በኋላ ነው መለካት ያለበት። ከፕላስተሩ በኋላ። ግማሽ ኢንች ካለች ወደ ላይ አጠጋጉ።

ወርሃዊ ክፍያ የሚጠይቁት

ስታምፕስ ዶት ኮም የዚህ ዘርፍ አንጋፋ ነው። በ2015 ኢንዲሺያ የተባለውን ተፎካካሪውን በ215 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፣ በ2021 ደግሞ ራሱ ተገዛ። በወር 20 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። ጥቅል ብቻ የሚልክ ሰው ለምን ይከፍላል? እኔ መልስ የለኝም። ያለ ክፍያ የሚያሳትሙት ጥቅሉን በንግድ ዋጋ ያወጡታል።

ደብዳቤ ለሚልክ ግን ሌላ ነው። በሐምሌ 2025 በወጣው ታሪፍ አንድ አውንስ ደብዳቤ በቴምብር 78 ሳንቲም፣ በኮምፒውተር ወይም በማሽን ሲታተም 74 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ 4 ሳንቲም። በወር 20 ዶላር ለመመለስ 500 ደብዳቤ መላክ አለብን ማለት ነው። ለሕግ ወይም ለግብር ቢሮ ይሆናል። ለሰፈር ዕድር አይሆንም።

ስለ ዕድር ካነሳን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ለአባላት ሁሉ ደብዳቤ የሚልኩ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ሌላ መንገድ አላቸው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች በቅጽ 3624 ፈቃድ ጠይቀው፣ ቢያንስ 200 ተመሳሳይ ደብዳቤ በአንዴ ካስገቡ በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ይልካሉ። ወረፋው፣ መለየቱና ወረቀቱ ያደክማል። አንድ ወጣት ኮሚቴ አባል ይህን ቢይዝ ግን ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ይተርፋል።

የአንድ አውንስ ልክ 28 ግራም ነው። ተራ የኤ ፎር ዓይነት ወረቀት አራት ከፖስታው ጋር ይገባል፣ አምስተኛው ያሳልፈዋል። የሠርግ ጥሪም ጉድ አለበት። ያ አራት ማዕዘን እኩል የሆነው የሚያምር ፖስታ ማሽን ውስጥ አይሄድም ተብሎ ተጨማሪ ይከፈልበታል። አስቀድሞ አንዱን ወስዶ ማስመዘን ነው። ሁለት መቶ ጥሪ ተመላሽ ሆኖ ሲመጣ ሙሽራዋን ማየት አትፈልጉም።

የገበያ ድረ ገጾች

ኤትሲ ወይም ኢቤይ ላይ የምትሸጡ ከሆነ ሌብሉን እዚያው ትእዛዙ ሥር መግዛት ትችላላችሁ። አድራሻው ራሱ ይሞላል፣ የመከታተያ ቁጥሩ ራሱ ለገዢው ይሄዳል። ከገዢ ጋር ክርክር ቢነሳ ማስረጃው እዚያው ስለሆነ ይጠቅማል። ጎዶሎ ሲገኝ ግን ከሽያጭ ገንዘባችሁ ላይ ይቀነሳል፤ ለየብቻ ሂሳብ ስለማይላክላችሁ በደንብ ካላያችሁት አታውቁትም። በወር አንድ ቀን መግለጫውን ከፍታችሁ “ማስተካከያ” የሚለውን መስመር ፈልጉ። አንድ ዓይነት ዕቃ ላይ እየተደጋገመ ከመጣ ስህተቱ የሚዛን ወይም የሳጥን ነው እንጂ ዕድል አይደለም።

የቢሮ ማሽን

የፖስታ ማተሚያ ማሽን ታሪኩ ረጅም ነው። ፒትኒ ቦውስ የተባለው ድርጅት የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው በ1920 ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን ማሽን መግዛት አይቻልም፣ ከተፈቀደላቸው ድርጅቶች መከራየት ብቻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ የሚያትም ዕቃ ማለት ነው። አሮጌው ባርኮድ ያላቸው ማሽኖች እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ከሥራ እንዲወጡ ተደርገዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ያገለገለ ማሽን በርካሽ ላከራይህ ቢል አትስሙት። ለቤት ነጋዴ ከናካቴው አይሆንም። የኪራይ ውሉ ዓመታት ይቆያል፣ መውጫው ደግሞ ጠባብ ነው።

በግማሽ ዋጋ የሚባለው

በየማኅበራዊ ሚዲያው “ሌብል በ50 በመቶ ቅናሽ” የሚሉ አሉ። በቴሌግራምም አይቻለሁ። ይህን አማራጭ ብዬ አልቆጥረውም።  በዚህ መንገድ የሚሸጥ ሌብል አብዛኛውን ጊዜ ወይ የተሰረቀ ነው፣ ወይ የተጭበረበረ።

ከሐምሌ 9፣ 2023 ጀምሮ ደንቡ ጠንክሯል። በሐሰተኛ ክፍያ የተላከ ጥቅል ከተያዘ የተተወ ዕቃ ተደርጎ ይቆጠራል። ፖስታ ቤቱ ይከፍተዋል፣ እንደፈለገ ያስወግደዋል። ጎዶሎ ከፋይ ልዩነቱን ይጠየቃል፣ ዕቃው ግን ይደርሳል። ሐሰተኛ ከፋይ ዕቃውን ያጣል። ወንጀሉም አለ። ሐሰተኛ ቴምብር ሠርቶ ወይም አውቆ መጠቀም በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። በ2024 የሎስ አንጀለስ አካባቢ ነዋሪ የሆነች አንዲት ሴት ፖስታ ቤቱን ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ በዚህ መንገድ ማጭበርበሯን ፍርድ ቤት አምናለች። እኛ የዚያ ዓይነት ሰዎች አይደለንም። ግን የእነሱን ሌብል ገዝተን የእኛን ሃያ ሳጥን ልናጣ እንችላለን።

የእኛ ዕቃ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች

ጋቢ። አንድ ትልቅ ሳጥን 18 በ14 በ12 ኢንች ነው እንበል። 3024 ኪዩቢክ ኢንች። ከአንድ ኪዩቢክ ፊት፣ ማለትም ከ1728፣ ስለበለጠ ይዘቱ ለ166 ይካፈልና ውጤቱ እንደ ክብደት ይቆጠራል። 18.2 ይመጣል፣ ወደ 19 ፓውንድ ይጠጋጋል። ሁለት ጋቢ ከነሳጥኑ 8 ፓውንድ አይሞላም። እኛ ስምንት ከፍለን እነሱ አሥራ ዘጠኝ ያስባሉ። ጋቢ አየር ነው የሚሞላው። በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ጠቅልሎ መላክ ይሻላል። በዚያ ላይ ከአንድ ኪዩቢክ ፊት የሚበልጥ ዕቃ መጠኑ ካልተጻፈ ወይም በስህተት ከተጻፈ ለብቻው ቅጣት አለው። በሚያዝያ 2022 ሲጀመር 1 ዶላር ከ50 ነበር።

መቋሚያ። ከ30 ኢንች በላይ ርዝመት ያለው ነገር ተጨማሪ ይከፈልበታል። ያኔ ሲጀመር 15 ዶላር ነበር። ከ22 እስከ 30 ኢንች ላለው 4 ዶላር። ትልቅ መሶብም ከሁለት ኪዩቢክ ፊት ሲያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ሲጀመር እሱም 15 ዶላር ነበር። ለደንበኛ የመላኪያ ዋጋ ከመናገራችን በፊት ሜትር ማውጣት ነው።

መጽሐፍ። ሚዲያ ሜይል የሚባለው ርካሽ መንገድ ለመጽሐፍና ለመሰል ነገር ብቻ ነው። ዳዊትና ውዳሴ ማርያም በዚህ ይላካል። መሃሉ ላይ ነጠላ ሸጉጦ መላክ ግን አይቻልም። ፖስታ ቤቱ ይህን ዓይነት ጥቅል ከፍቶ የማየት መብት አለው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንልክ ዋናው ጣጣ የጉምሩክ ቅጽ ነው። በኮምፒውተር ስናትም ቅጹ ከሌብሉ ጋር አብሮ ይወጣል። መስኮት ላይ በእጅ የሞላነውን ሠራተኛዋ እንደገና ታስገባዋለች፣ ከኋላችን የቆሙት ደግሞ ይተነፍሳሉ። ርካሹ መንገድ እስከ 4 ፓውንድ፣ ማለትም 1 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ፣ ይወስዳል። የተቀባዩን የፖስታ ሳጥን ቁጥርና የሞባይል ቁጥር አትርሱ።

ሚዛኑና ፎቶው

ቤት ለማተም ከወሰናችሁ የመጀመሪያው ወጪ ሚዛን ነው። በፓውንድና በአውንስ የሚያሳይ ይሁን። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ነው፣ 10 አይደለም። 2.5 ፓውንድ ማለት 2 ፓውንድ ከ8 አውንስ ነው። የኔ 14 ዶላር የሄደው በዚህች ነው። ሚዛኑ ልክ መሆኑን በኒኬል ሳንቲም ማየት ይቻላል። አንድ ኒኬል ድፍን 5 ግራም ነው። ሃያ ኒኬል 100 ግራም ካላለ ሚዛኑን ተጠራጠሩት።

ከዚያ ከመላክ በፊት ፎቶ። ሳጥኑ ሚዛን ላይ ተቀምጦ፣ ቁጥሩና ሌብሉ በአንድ ላይ እንዲታዩ። አንድ ተጨማሪ ከሜትር ጋር። ማሽኑም ይሳሳታል። አንዴ 3 ፓውንድ የሆነች ሳጥኔን 13 ፓውንድ አለብኝ፣ ምናልባት ሌላ ሳጥን ተደግፏት ይሆናል። ፎቶውን አያይዤ አቤት አልኩ፣ ከአሥር ቀን በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። ፎቶ ያልነበረኝ ጊዜ ግን አልተመለሰም። አቤቱታ ጊዜ ገደብ አለውና ማስተካከያው እንደመጣ ማቅረብ ነው። አትማችሁ ያልተጠቀማችሁበት ሌብልም ሳይረሳ ቶሎ ይሰረዝ፣ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ነው።

የዳላሱ በርበሬስ? አንድ ኪሎ 2 ፓውንድ ከ3 አውንስ ነው። ከነሳጥኑ 1150 ግራም ገደማ ይሆናል። የሚከፈለው ግን የ3 ፓውንድ ነው፣ 3 ፓውንድ ደግሞ 1360 ግራም ይወስዳል። ስለዚህ እኔ 1 ኪሎ የሚለውን ትቼ 1 ኪሎ ከ200 ግራም አድርጌ መሸጥ ጀመርኩ። መላኪያው ያው ነው። በሁለት ከረጢት አሽገዋለሁ፣ ምክንያቱም መለያ ማሽን ላይ የፈሰሰ ቀይ ዱቄት ማንም በቀላሉ አያየውም። ሳጥኑን ዘግቼ እመዝናለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ በር ላይ አስቀምጣለሁ። ሰፈሬ ያሉት እናት ግን አሁንም ቅዳሜ ጠዋት መስኮቱ ጋ ይሰለፋሉ። ስንገናኝ፣ “ዛሬስ ኮምፒውተሩ ምን ወሰደብህ?” ይሉኛል።